ነፍሳት ይተነፍሳሉ?

ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሌሊት እንደተኛሁ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። የደረሰበት ሰው ድምፁን አይረሳውም፤ ጭንቅላት ውስጥ አውሮፕላን የተነሳ ነው የሚመስለው። አያቴ ጩኸቴን ሰምተው ተነሱ፣ ኩራዝ አበሩ፣ በጎኔ አስተኝተው ለብ ያለ የኑግ ዘይት ጆሮዬ ውስጥ ጠብ አደረጉ። ጥንዚዛዋ ጥቂት ተንፈራገጠችና ዝም አለች። ዘይቱ ሲደፋ አብራ ወጣች።

«ምን ሆና ሞተች?» አልኳቸው።

«ዘይት ነፍሳት ይገድላል» አሉኝ። ለምን እንደሚገድል አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አላሉም። (ጆሮው የሚመግል ወይም ታምቡሩ የተበሳ ሰው ላይ ይህን እንዳትሞክሩ፤ እሱ ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው።)

ይህችን የአያቴን ዓረፍተ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ያላሰብኩት ሰው ዘንድ አገኘኋት፤ አርስቶትል ዘንድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እንስሳት በጻፈው ትልቅ ሥራው፣ ነፍሳት ሁሉ ዘይት ከተቀቡ እንደሚሞቱ፣ ራሳቸው ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ከተቀመጡ ደግሞ ቶሎ እንደሚሞቱ መዝግቧል። ከአያቴ የሚለየው ፀሐዩን መጨመሩ ነው።

ጉዱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ይኸው ሰው ስለ መተንፈስ በጻፈው ሌላ ድርሳኑ ነፍሳት አይተነፍሱም ይላል። በአንድ እጁ ዘይት እንደሚገድላቸው ይጽፋል፣ በሌላው ትንፋሽ እንደሌላቸው ይጽፋል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ታዲያ ዘይቱ ምናቸውን ነው የሚዘጋው?» ብሎ ጠይቆ ከሆነ መልሱን አልተወልንም። ጥያቄው አጥጋቢ መልስ እስኪያገኝ ድረስ 2,000 ዓመት ፈጀ።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። እኛ እነዚህን ፍጥረታት የምንጠራቸው «ነፍሳት» ብለን ነው፤ የነፍስ ብዙ ቁጥር። ነፍስ፣ ነፋስ፣ ነፈሰ፣ ተነፈሰ፤ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስሙን ያወጡልን ሰዎች የነፍሳትን አካል ከፍተው አይተዋል አልልም፤ አላዩም። ግን አርስቶትልን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ነፍሳት አይተነፍሱም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገና ከስሙ ይጣላል።

ሰውዬው ሰነፍ ተመልካች አልነበረም፤ ይህ መነገር አለበት። ለእሱ ትንፋሽ ማለት ማብረጃ ነው። ልብ ውስጥ የሕይወት እሳት አለ፤ ሳንባ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋል፣ ግን እሳቱን ለማቀጣጠል ሳይሆን ለማብረድ። ቀይ ደም የሌለው፣ ሳንባ የሌለው፣ ሙቀቱ ጥቂት የሆነ ትንሽ ፍጥረት ወናፉ ለምን ያስፈልገዋል? በዙሪያው ያለው አየር ራሱ ያበርደዋል። ማስረጃም አለው፦ ዝንብና ንብ ፈሳሽ ውስጥ ወድቀው ለረጅም ጊዜ ሲዋኙ አይቷል፤ ለሁለት የተቆረጠ ነፍሳት ሲንቀሳቀስ አይቷል። የንብን እምታ ሳይቀር አስረድቷል፤ በውስጧ አብሯት የተፈጠረ አየር ወገቧ አካባቢ ካለ ስስ ሽፋን ጋር ሲፋተግ የሚወጣ ድምፅ ነው ብሎ።

ስለ ዓሣም ተመሳሳይ ክርክር ነበረው። ከእሱ በፊት የነበሩት አናክሳጎራስና የአፖሎኒያው ዲዮጋን እንስሳት ሁሉ ይተነፍሳሉ ይሉ ነበር፤ ዲዮጋን እንዲያውም ዓሣ በአፉ ዙሪያ ካለው ውኃ አየር ይስባል ብሏል። አርስቶትል ተቃወመ። ከውኃ ውስጥ አየር የሚስብና የሚያስወጣ ከሆነ አረፋው የታለ? ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ሲተነፍስ አረፋ ይወጣል፤ ከዓሣ አይወጣም። ስለዚህ ስንጥቡ የሚያስገባው ውኃውን ብቻ ነው፣ ጥቅሙም ማብረድ ነው አለ። አንደኛ ክፍል የአመክንዮ ሥራ ነው። ችግሩ ዲዮጋን ወደ እውነቱ ይቀርብ ነበር፤ አረፋ የማይታየው አየሩ ውኃው ውስጥ ስለሟሟ ነው፤ እንደ ስኳር።

ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ነፍሳት ሳይተነፍሱ መኖራቸው አልዋጥ ብሎት ተከራክሯል። ግን ክርክር ብቻ ነበር፤ በእጁ የያዘው ማስረጃ አልነበረም። የአርስቶትል ሥልጣን ከፕሊኒ ጥርጣሬ በለጠ፤ መጽሐፉም ከግሪክ ወደ ዐረብኛ፣ ከዚያ ወደ ላቲን እየተላለፈ ቀጠለ።

(ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን የቀየረው ማርቼሎ ማልፒጊ የሚባል የቦሎኛ ሐኪም ነው። ማልፒጊ በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑትን የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ አይቶ ያሳወቀ ሰው ነው፤ ዓይኑ የለመደ ነበር። በ1667 መጨረሻ ከለንደን ደብዳቤ ደረሰው። የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ ነው የጻፈለት፤ ካነሳቸው ርዕሶች አንዱ የሐር ትል ነበር። ጥያቄው ቦታውን ያገኘ ነው። ቦሎኛ ያን ጊዜ በሐር ንግድ የታወቀች ከተማ ነች፤ የሐር ትል እንደ እኛ አገር የንብ ቀፎ በየቦታው የሚገኝ ሀብት ነው። ሁሉም ያረባዋል፣ ሁሉም ይሸጠዋል፤ ውስጡን ያየ ግን አልነበረም።

ማልፒጊ ቢላውን አነሳ። ሥራው ትኩሳትና የዓይን ሕመም እንዳመጣበት ራሱ ጽፏል። የትሉን ቆዳ ሲከፍት ያገኘው ሳንባ አልነበረም። ከሰውነቱ ግራና ቀኝ በረድፍ የተሰለፉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የሐር ትል ዘጠኝ ጥንድ አለው። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ብርማ ቱቦ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቱቦው ይከፈላል፣ እንደገና ይከፈላል፣ እንደ ዛፍ ሥር ወደ አንጀቱ፣ ወደ ጡንቻው፣ ወደ ነርቩ ይሄዳል። ቱቦውን ክፍት አድርጎ የሚይዘው በውስጡ እንደ ሽቦ የተጠመጠመ ክር ነው፤ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ቱቦን ያየ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። ማልፒጊ ፍጥረቱ ሳንባ የሌለው ሳይሆን መላ አካሉ ሳንባ የሆነ መሰለው።

ከዚያ ዘይቱን አመጣ። ቀዳዳዎቹን በዘይት ደፈናቸው፤ ትሉ ወዲያው ሞተ። የተወሰኑትን ብቻ ሲደፍን ደግሞ በእነሱ አቅራቢያ ያለው የሰውነት ክፍል እንቅስቃሴውን አጣ። በቃ። አርስቶትልም አያቴም የሚያውቁት ያው ዘይት ነው፤ ልዩነቱ ማልፒጊ የት እንደሚቀባው አውቆ መቀባቱ ነው። በነገራችን ላይ ነፍሳት ጭንቅላታቸው ላይ አንድም መተንፈሻ የላቸውም። አርስቶትል ራሳቸውን ቀብቷቸው ቶሎ ከሞቱ፣ ዘይቱ ወደ ደረታቸው ስለወረደ መሆን አለበት። መጽሐፉ በ1669 ለንደን ውስጥ በላቲን ታተመ።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፤ ኋላ ለምናነሳው ጉዳይ ያስፈልጋል።

በ2020 የበረሃ አንበጣ አገራችንን ሲያጥለቀልቅ አንዱን በእጁ ይዞ ያየ ሰው ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ሳያስተውል አይቀርም። ያ ትንፋሽ ነው። አርስቶትል ደረት ፈልጎ ነው ያጣው፤ አንበጣ በሆዱ ነው የሚነፋው። አሥር ጥንድ ቀዳዳዎች አሉት፦ ሁለቱ ጥንድ ደረቱ ላይ፣ ስምንቱ ሆዱ ላይ። እያንዳንዱ ቀዳዳ በጡንቻ የሚዘጋና የሚከፈት ክዳን አለው። ዕረፍት ላይ ሲሆን አየሩን በፊተኞቹ ያስገባል፣ በኋለኞቹ ያስወጣል። ኦክስጅኑ በቱቦው እስከ ሕዋሱ ደጃፍ ድረስ በአየርነቱ ይሄዳል፤ ደም አይሸከመውም። የነፍሳት ደም ቀይ ያልሆነውም ለዚህ ነው፤ የሚሸከመው ኦክስጅን ስለሌለ ቀዩ ነገር አያስፈልገውም። እንግዲህ አርስቶትል «ቀይ ደም የላቸውም» ያለው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱን ነው የገለበጠው።

አየር እንዲህ በቱቦ ብቻ ሄዶ ይበቃል ወይ የሚለውን በ1920 ያሰላው ዴንማርካዊው ኦገስት ክሮግ ነው፤ በዚያው ዓመት በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው። ኦክስጅን በአየር ውስጥ ከውኃ ውስጥ ይልቅ በ10,000 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይሰራጫል፤ ስለዚህ ለትንሽ አካል ይበቃል። ለትልቅ አካል ግን ያስቸግራል። ዶሮ የምታህል ዝንብ የሌለችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይባላል፤ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከዛሬው በበለጠበት ዘመን ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የውኃ ተርብ መሳይ ነበረች።

ዋናው ቁም ነገር ግን ክዳኑ ነው። ቀዳዳው ሲከፈት ኦክስጅን ይገባል፣ ከሰውነት ውኃ ደግሞ ይተናል። ዝም ብሎ ክፍት ቢተወው ያች ሚጢጢ ፍጥረት በጥማት ትሞታለች። ዘግቶ ቢቆይ ትታፈናለች። ስለዚህ ነፍሳት ዕድሜያቸውን ሙሉ በሩን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ ይኖራሉ፤ በሩን የሚያስከፍታቸው በዋናነት በውስጣቸው የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም፤ አሠራሯም ይለያል። ከሆዷ ሥር ስንጥቅ የሚመስል ቀዳዳ አላት፤ ከጀርባው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስስ ሽፋኖች አሉ፤ አየር በገጾቹ መሐል ያልፋል፣ ደም በገጾቹ ውስጥ። ብዙ ሸረሪቶች ከዚህ ሌላ ቱቦም አላቸው። ዓሣ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ኑሮ ነው ያለው። አንድ ሊትር አየር ውስጥ 210 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን አለ፤ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣ ውኃውን በአፉ እያስገባ፣ በስንጥቡ ላይ እያሳለፈ፣ በጎኑ ክዳን ሥር ያስወጣል፤ ደሙ ከውኃው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚፈስ ያችን ጥቂት ኦክስጅን አሟጥጦ ይወስዳል። ገበያ ላይ ዓሣ ስንገዛ ክዳኑን ገልጠን ስንጥቡ ቀልቷል ወይ ብለን የምናየው ያንን ደም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሜዮ በ1674 ስንጥብ ከውኃው ውስጥ የአየር ቅንጣት ይወስዳል ብሎ ሲጽፍ የዲዮጋንን ነገር ከ2,000 ዓመት በኋላ ዳግም ማንሣቱ ነበር።

ወደ ዘይቱ ልመለስ።

የወባ ትንኝ ዕጭ የሚያድገው ውኃ ውስጥ ነው፤ የሚተነፍሰው ግን አየር ነው። በኋላው ባለው መተንፈሻ የውኃውን ገጽ ነክቶ አየር ይወስዳል። በ1892 አሜሪካዊው ሊላንድ ሃዋርድ ኩሬ ላይ ላምባ አፍስሶ ሞከረ። ላምባው እንደ ስስ ወረቀት በውኃው ላይ ተዘረጋ፤ ዕጮቹ ሊተነፍሱ ወደ ላይ ሲመጡ ያገኙት እሱን ነው። የማልፒጊ ሙከራ ነው፤ ግን በአንድ ትል ፈንታ በአንድ ኩሬ።

ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ትንኝ ወባ እንደምታስተላልፍ ገና አልታወቀም። ሮናልድ ሮስ በ1897 ሕንድ ውስጥ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ሲያገኝ፣ ቀጥሎም በ1900 ሃቫና ውስጥ ቢጫ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ሲረጋገጥ፣ የሃዋርድ ላምባ ድንገት የጦር መሣሪያ ሆነ። ዊሊያም ጎርጋስ የተባለው የአሜሪካ ጦር ሐኪም በ1901 ሃቫናን በዚህ ዘዴ አጸዳ፤ ውኃ ማጠራቀሚያ አስከደነ፣ ኩሬ አደረቀ፣ ያልደረቀው ላይ ዘይት አፈሰሰ። በ1904 ወደ ፓናማ ተሻገረ። እዚያ ቀደም ብለው ቦዩን ለመቆፈር የሞከሩት ፈረንሳዮች ከ20,000 በላይ ሠራተኛ እንዳጡ ይገመታል፤ ብዙው በቢጫ ወባና በወባ ነው። ጎርጋስ በየቦዩና በየረግረጉ ዘይት የሚረጩ ሠራተኞች አሰማራ። በ1905 መጨረሻ ቢጫ ወባ ከፓናማ ከተማ ጠፋ፤ ቦዩ በ1914 ተከፈተ። የዓለም ንግድ መንገድ የተቀየረው በመሐንዲሶች ነው ብለን ነው የተማርነው። ከኋላቸው የላምባ በርሜል የተሸከመ ሰው እንደነበር አልተነገረንም።

አሁን ወደ ጎተራችን እንግባ፤ እዚህ ጋ ነገሩ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ነቀዝ ነፍሳት ነው፤ ቀዳዳ አለው። ገበሬያችን ነቀዝን የሚዋጋባቸው የቆዩ ዘዴዎች ነበሩት፤ አሁንም አሉት። በሐረርጌ ማሽላ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀመጣል፤ አፉ ሲደፈን እህሉም ነቀዙም በውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካዋል። ጉድጓድ እንደተከፈተ ዘሎ የሚገባ ሰው ለአደጋ የሚጋለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላ ቦታ በቆሎን ወይም ባቄላን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጣሉ፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መሐል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መሄጃም መተንፈሻም ያሳጣዋል። ጉድጓዱ እርጥበት ያስገባል፣ እህሉ ይሻግታል፤ ፍጹም አልነበረም። ግን መርዝ አልነበረበትም።

ከዚያ ክኒኑ መጣ። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው ስሙ፤ ገበያ ላይ «የነቀዝ መድኃኒት» ይባላል። እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በነቀዙ ቀዳዳ ገብቶ በቱቦው እስከ ሕዋሱ ይደርሳል። ሥራውን ይሠራል፤ አልክድም። ግን ጋዙ የነቀዝን ቀዳዳ ከሰው አፍንጫ አይለይም። ሊጠቀሙበት የሚገባው ከመኖሪያ ርቆ፣ በሠለጠነ ሰው፣ በታሸገ መጋዘን ነው። እኛ ዘንድ ግን እህሉ የት ነው ያለው? ቤት ውስጥ፤ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ጥግ። ጋዙ ለሚመርዘው ሰው ማርከሻ የሚባል መድኃኒት የለውም። ይህን ክኒን እንደ ከረሜላ በፍሬ መሸጥ ወንጀል ሆኖ የማይታይበት ገበያ ለእኔ አይገባኝም።

ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም የመጣው ከዚያችው ክዳን ነው። በ1987 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲና የካሜሩን ተመራማሪዎች ለሰሜን ካሜሩን የአተር ገበሬዎች መላ መፈለግ ጀመሩ። የደረሱበት ነገር ቀላል ነው፦ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር። ፒክስ ይሉታል፤ እኛም አገር ይሸጣል። አየር አይገባም፤ ነቀዙ በውስጥ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርሰዋል።

ሁሉም ሰው ነቀዙ ታፍኖ የሚሞት ነበር የመሰለው። ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ነቀዙ የሚሞተው በጥማት ነው። ደረቅ እህል ውስጥ የሚኖር ነቀዝ የሚጠጣው ውኃ የለም፤ የሚያስፈልገውን ውኃ የሚያገኘው ምግቡን በኦክስጅን ሲያቃጥል ከሚፈጠረው ነው። ኦክስጅን ሲያጣ ውኃውንም ያጣል፤ ያለችውም በቀዳዳው ትተናለች። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነበር። የሐረርጌው ጉድጓድ ለምን እንደሚሠራ በዚህ በኩል ስናየው፣ የሚያስፈልገው አየሩን መዝጋትና እርጥበቱን ማስቀረት ነው፤ ፕላስቲኩ ሁለቱንም ያደርጋል።

ማወቁ የማይሠራበትንም ያሳያል። መዥገር ቆዳው ላይ ሲጣበቅበት ቅቤ ወይም ዘይት የሚቀባ ሰው አለ። መዥገር የሸረሪት ዘመድ ነው፤ በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢተነፍስ ይበቃዋል። ዘይቱን ቀብታችሁ እስኪሞት ስትጠብቁ እሱ በሽታውን እያስተላለፈ ሊቆይ ይችላል። ከቆዳው አጠገብ በመቆንጠጫ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል ነው።

ላምባውም ቢሆን ለዛሬው ችግራችን አይሆንም። በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኘች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። የለመድናት የወባ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ነው የምትወደው፤ ይህችኛዋ በከተማ፣ በበጋ፣ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ስሟን አንስተዋል። በ2024 ደግሞ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ያ ሁሉ የእሷ ሥራ ነው አልልም፤ ጦርነቱም፣ የተዘጋው ጤና ጣቢያም፣ የተቋረጠው ርጭትም አለበት። ግን ቧንቧው በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር በርሜልና ሮቶ ሳይሞላ አይኖርም፤ የሚጠጣ ውኃ ላይ ላምባ አይፈስም።

የቀረን ክዳኑ ነው፤ የበርሜሉ ክዳን። ክዳን ከሌለው በስስ ጨርቅ ወጥሮ ማሰር ይቻላል፤ ትንኟ ገብታ እንቁላል አትጥልም። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ በርሜላችሁን እዩት። ዕጭ ካለ አተነፋፈሱን ተመልከቱ። በጭራው ቱቦ ከውኃው ገጽ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ታች ከዘቀዘቀ የወባ ትንኝ አይደለም፤ የሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ዴንጊ ከሚያመጡት ሊሆን ስለሚችል ውኃውን ድፉት። ቱቦ ሳይኖረው እንደ ስንጥር በውኃው ገጽ ላይ ተጋድሞ ከተኛ ግን የወባ ትንኝ ነው። እሱን በብልቃጥ ያዙና የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ፤ የት ቤት፣ በየትኛው ዕቃ እንደተገኘ ይጻፍ።